ለሐር ትል ሰባት ቤት መቁጠር

እኔ ከዚህ ዓለም ብዙ አልጠየቅኩም። ጠዋት ሻሂዬን በሰላም ልጠጣ፣ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ይቁምልኝ፣ አለቃዬ ስሜን አይጥራ፤ ሌላ ምኞት የለኝም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ትንሽ ብታዝኑልኝ ግን አልቀየምም። ይህን ያህል ትንሽ የሚመኝ ሰው እንዴት አድርጎ የትል ዘመድ ቆጣሪ፣ አማጭና ሚዜ ሆኖ እንደቀረ ሳስበው፣ እኔም ለራሴ አዝናለሁ።

ሥራዬ የሐር ትል ማርባት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ" ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። አሥመራ፣ ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከብረት ሠሪዎቹ ጀርባ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ጣሊያን ሠርቶት ጣሊያን የረሳው ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ከመደርደሪያ በላይ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ ትሪ፣ በትሪው ላይ የጉሎ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ትል አለ። ትሉ አንድ ወር ሙሉ ይበላል። ሲጠግብ በራሱ ዙሪያ ድር አድርቶ ይከተትበታል፤ እኛ ጎጆ እንለዋለን። ከጎጆው መዳፍ የሚያክል ቢራቢሮ ይወጣል። ቢራቢሮው እህል ውሃ ሳይቀምስ ያገባል፣ ይወልዳል፣ በሳምንቱ ይሞታል። ባዶውን ጎጆ ሦስት ሴቶቻችን ቀቅለው እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈትሉታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ስትሰሙት ቀላል ይመስላል፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከእኔ በፊት ቤቱን የያዙት አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበሩ። በየዓመቱ ከባሕር ማዶ የትል እንቁላል በፖስታ ያስመጡ ነበር። ወደ አገራቸው ሲገቡ ቁልፉን ሰጡኝና "እንቁላሉን አትርሳ" አሉኝ። አልረሳሁም፤ ተውኩት እንጂ። ለማስመጣት የሚሞላው ወረቀት ስድስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ስድስቱ ፈራሚዎች በየፎቁ ተበትነዋል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። እንቁላል ከቤት ሞልቶ ሳለ ከውጭ ማስመጣት ምን ይባላል ብዬ ለአለቃዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አቶ ዘውዴ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። ደብዳቤ በአማርኛ ብቻ ይጻፍ ከተባለ ወዲህ የእኔን አማርኛ ሲያርሙ ነው የሚውሉት። ያን ቀን ግን አርመው ሲጨርሱ "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብለው ፈረሙ። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የተመሰገንኩት በዚያች ሐሳብ ብቻ ነው።

ምስጋና ለእኔ አይሆንም መሰለኝ፤ ወዲያው ሌላ ብልጠት ጨመርኩ። ከሁሉ ነጭና ትልቅ ጎጆ የሠራች አንዲት እናት ነበረች። የእሷን ልጆች ብቻ አስቀርቼ የሌሎቹን ጣልኩ። ከልጆቿ ምርጦቹን፣ ከልጅ ልጆቿም ምርጦቹን አስቀረሁ። ትል በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ይወልዳል። እንዲህ ስመርጥ ሦስት ዓመት ስቆይ ቤቱ ሙሉ የአንዲት ሴት ዘር ሆነ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ መልክ። እኔ በመደርደሪያዎቹ መካከል እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ሹም እንጎራደድ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ይበላሽ ጀመር። እንቁላሉ አብዛኛው ሳይፈለፈል ይቀራል። የተፈለፈለውም ሰነፍ ነው፤ ቅጠል አፉ ላይ ቢያደርጉለት እንኳ ልብላ አልብላ እያለ ያስባል። ጎጆው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። ጎጆውን እስከ ወገቡ ሠርቶ የሚተወውም ብዙ ነው። መናደድ ይገባኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁና ያ ትል ምን እንደተሰማው ገብቶኛል።

አቶ ዘውዴ አስጠሩኝ። በሦስት ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ለጉብኝት ይመጣሉ። ቤቱ ደህና ጎጆ ካላሳየ ይዘጋል፤ እኔም ሰው ወደሚፈለግበት ቦታ እዛወራለሁ።

"ሰው የሚፈለገው የት ነው?" አልኳቸው።

"ዓሰብ" አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ከእኛ መሥሪያ ቤት አንዱ ለስድስት ወር ተብሎ ዓሰብ ሄዶ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ለፋሲካ ደብዳቤ ይልካል፤ ቀለሙ በላብ ስለሚፈስ የእንኳን አደረሳችሁውን ግማሽ ብቻ ነው የምናነበው። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልጋነሽ ነገርኳት። አልጋነሽ ሙቀት አትችልም። አንድ ጊዜ ለእህቷ ሠርግ ምጽዋ ወርዳ በሦስተኛው ቀን በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የተመለሰችው።

ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ "አንተ ሂድ፤ እኔ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ" አለችኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ተለያይተን አላደርንም። ስንኳረፍ እንኳ የምንኳረፈው በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ያለ እሷ መኖር አልችልም ማለት የወጣት ነገር ስለሚመስል አላልኳትም፤ ግን አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትሉ ጉዳይ የምር ሆነብኝ።

አንድ የማውቀውን የከብት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ትሪዎቹን አየ፣ አንዱን ትል አንስቶ ገለበጠው።

"እናታቸው ማን ናት?" አለኝ።

"አንዲት ናት" አልኩት፣ በኩራት።

"አባታቸውስ?"

"እሱም ልጇ ነው። ማለት የልጅ ልጇ።"

ሐኪሙ ትሉን አስቀመጠው። "አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድምና እህት ስታጋባ ነው የቆየኸው። ድክመቱ ሁሉ አንድ ላይ ተጠራቅሟል። ከሌላ ቤት አዲስ ደም ካላመጣህ አንድም አይተርፍህም" አለ። ይህን የተናገረው ጮክ ብሎ፣ በሰው ፊት ነው። ሐኪሞች ሲባሉ ምስጢር የሚጠብቁት ለሰው ብቻ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

እንደ እናት ስለምናያቸው አደይ የምንላቸው የፈታዮቹ ታላቅ፣ አደይ ለተንስኤ፣ እንዝርታቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

"ወንድምና እህት?" አሉ።

"ትል እኮ ነው፣ አደይ።"

"እኔ ከዚህ ፈትል ለቤተ ክርስቲያን ጥላ መጥለፊያ ሰጥቻለሁ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ፤ ግን እንዝርቱን አላነሱም።

"አባ ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ትሉ ኃጢአት የለበትም አሉ፤ አእምሮ የለውም። ኃጢአቱ ያጋባው ሰው ነው አሉ።"

ሦስቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። አርባ ስግደት ታዘዘብኝ። የጉልበቴን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ጋብቻው እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ አንዲት ክር እንደማይፈትሉ አስታወቁኝ።

ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆመው የሚሰሙት ዘበኛችን አያ ገብረመስቀል ነበሩ። አያ በመንደራቸው ዘር ቆጣሪ ናቸው። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሊጋባ ሲል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሰባቱ ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻ የለም። አያ ስንት ድግስ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ በስድስተኛው ቤት አፍርሰዋል ይባላል። አሁን ወደ ውስጥ ገብተው ዱላቸውን በትሪዎቹ ላይ አዞሩና "ከእነዚህ ማንም ማንንም አያገባም" አሉ።

"አያ፣ ካላገቡ በሳምንት ይሞታሉ።"

"ይሙቱ። ቢያንስ በንጽሕና ይሞታሉ።"

ደግነቱ ትሎቹ ገና ጎጆ እየሠሩ ነበር። ቢራቢሮ ሆነው ለጋብቻ እስኪደርሱ ሦስት ሳምንት አለን። በሦስት ሳምንት ውስጥ በአሥመራ ከተማ ለነጭ የሐር ትል ዘመዱ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ መፈለግ ነበረብኝ። የራሴን ሚስት ለማግኘት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት፣ ሲኞራ የምንላቸው፣ በረንዳቸው ላይ ትል ያረባሉ ሲባል ሰማሁ። ስሄድ አያ ካልመጣሁ አሉ። የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ልክ ልጅ ሊያጭ እንደሚሄድ ሰው በግርማ ሞገስ ተከተሉኝ። ሲኞራዋ ሻሂ አቀረቡልን። አያ ሳይቀምሱ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"የማን ልጆች ናቸው?"

ሲኞራዋ ትግርኛውን ከጣሊያንኛ ጋር እያቀላቀሉ ተናገሩ። ዓኽርያ የነበሩት ሽማግሌ ወደ አገራቸው ሲገቡ ለማስታወሻ አንድ እፍኝ እንቁላል ሰጥተዋቸው ነው። ይኸው ሦስት ዓመታቸው።

አያ ተነሡ። "ዘመዳሞች ናቸው። እንሂድ።"

እኔ አልተነሣሁም። መነሣት አቅቶኝ ነው። ዓሰብ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አልጋነሽ ከአሥመራ የምትጽፍልኝ ደብዳቤ፣ እኔ በላብ እያበሰበስኩ የምመልስላት ደብዳቤ። ሲኞራዋ ያመመኝ መስሏቸው ሁለተኛ ስኳር ጨመሩልኝ። አያ በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ።

"በዓመት ስንት ጊዜ ይወልዳሉ ነው ያልከኝ?"

"አምስት ጊዜ።"

አያ ጀርባቸውን እንደሰጡን የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ፤ ከዚያ እንደገና ቆጠሩ። ተመልሰው መጥተው ተቀመጡና ሻሂያቸውን ጠጡ።

"አሥራ አምስት ቤት አልፏል" አሉ። "ሰባቱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ አንድ ይተርፋል። ዝምድናው ፈርሷል፤ ይጋቡ።"

ለሰው ቢሆን አሥራ አምስት ቤት አራት መቶ ዓመት ይሆናል። በኋላ ለሐኪሙ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን አቁሞ አሰበ። ሁለቱ ወገን ተለያይተው ብዙ ስለቆዩ የአንዱ ድክመት የሌላው አይሆንም፤ ሽማግሌው ልክ ናቸው አለኝ። ይህን ለአያ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ኖሮ ከዚያ ቀን ወዲያ በሩን የምከፍተው እኔ እሆን ነበር።

ሲኞራዋ እቃቸውን በሳጥን እያሳሰሩ ነበር፤ እሳቸውም ሊሄዱ ነው። "ሁሉንም ውሰዱ፤ በመርከብ ይዣቸው አልሄድም" አሉ። ጎጆዎቻቸው እንደ እኛዎቹ ነጭ ሳይሆኑ ሸክላ የመሰሉ ቀያይ ናቸው። አያ መልክ በጋብቻ አይጠየቅም ብለው አለፉት። ቢራቢሮዎቹ ሊወጡ ሲቃረቡ ልንወስዳቸው ተቀጣጠርን። በቀኑ ብቻዬን ሄጄ ሠላሳ ጎጆ በቅርጫት ተረከብኩ።

"ዛሬ ነው የሚወጡት" አሉኝ ሲኞራዋ። "ወንዱን ከሴቷ ቶሎ ለያቸው። ክንፋቸው ከደረቀ አንተን አይጠብቁም።"

ሮጥኩ ማለት እወድ ነበር። አውቶቡስ ጠበቅኩ። ዓኽርያ ልንደርስ ስንል ፖሊሶች አውቶቡሱን አስቆሙት። ጊዜው ቅርጫት የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበት ጊዜ ነበር። አንዱ ፖሊስ በላዬ ቆመና የቅርጫቱን ሽፋን አየው። ሽፋኑ ይንቀሳቀሳል።

"ውስጡ ምንድን ነው?"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአያ ጋር ስናወራ በአንድ ስም ብቻ ነው የምንጠራቸው፤ እኔም ደክሞኛል።

"ሙሽሮች" አልኩት።

ፖሊስ ጣቢያ አንድ ወጣት የመቶ አለቃ ፊት አቀረቡኝ። ቅርጫቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የመቶ አለቃው ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ መኖሪያዬን ሲጽፍ ሽፋኑ ተነሣና አንድ ቢራቢሮ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። ክንፋቸው መድረቅ ጀምሯል።

"ጌታዬ፣ መጀመሪያ ያለያዩልኝ" አልኩት፤ "ከዚያ ይሰሩኝ።"

"እነማንን?"

"ወንድሞቹንና እህቶቹን።"

ያለኝን አማርኛ ሁሉ አውጥቼ አስረዳሁት። ስለ አንዲቷ እናት፣ ስለ ስግደቱ፣ ስለ ዓሰብና ስለ አልጋነሽም ጭምር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

"ስንት ቤት ነው የምትቆጥሩት?"

"ሰባት።"

"እኛም ጎጃም ሰባት ነው" አለ። ተነሥቶ ከጠረጴዛው መሳቢያዎች መዝገቦቹን ያወጣ ጀመር። "ወንዱ የትኛው ነው?"

"ቀጭኑ፤ ቀንዱ እንደ ላባ ሰፋ ያለው። ሴቷ ሆዷ ሙሉ ነው።"

ወንዶቹን በላይኛው መሳቢያ፣ ሴቶቹን በታችኛው እያደረግን ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። ሁለቱ ቀድመው ተገናኝተው ነበር። የመቶ አለቃው "ተዉ፣ ነውር ነው" እያለ፣ በገበያ የተጣላ ሰው እንደሚገላግል ሆኖ ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው። መዝገብ ያዡ ፖሊስ ብዕሩን አንሥቶ ተጠርጣሪው ስንት ነው ብዬ ልመዝግብ አለ።

በዚህ መካከል አልጋነሽ ገባች። ባልሽ ታሠረ ብለዋት ኖሮ ብርድ ልብስ በክንዷ፣ ምግብ በሳህን ቋጥራ ይዛለች። ሩጫው ፊቷን አቅልቶታል። እኔ አንገትጌዬ ላይ ሁለት ቢራቢሮ ተሸክሜ ተንበርክኬ አየችኝ። ብርድ ልብሱን እንዳቀፈች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ለዚህ ነው?" አለች።

"እወ" አልኳት።

ምግቡን ሦስት ሆነን በላነው። የመቶ አለቃው መሳቢያዎቹን እንዳሉ አስነቅሎ በፖሊስ ማኪና ላከን፤ መሳቢያዎቹን ግን በማግስቱ እንድመልስ አስፈረመኝ። አያ በር ላይ ተቀበሉን። የእኛ ነጭ ሴቶች ከሲኞራዋ ወንዶች፣ የእኛ ወንዶች ከእሳቸው ሴቶች ጋር ተጋቡ። የሲኞራዋ ዘር ለብቻው እንዲተርፍ ሁለት ጥንድ ቀያዮች እርስ በርስ እንዲጋቡ ተተዉ፤ ለዚህ አያ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተፈለፈሉትን ብታዩ። ቅጠሉን ሲበሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ጉሎ ፍለጋ የከተማውን ጉድባ ሁሉ ዞርኩ። ጎጆዎቻቸው ወፍራም፣ ነጭም ቀይም ሆኑ። አደይ ለተንስኤ እንዝርታቸውን አነሡ።

ትልቁ ሰው በተባሉበት ቀን መጡ። መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በመደርደሪያዎቹ መካከል አለፉ። አንድ ጎጆ አንሥተው ጫን ጫን አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህ ቤት አይዘጋም" አሉ። አቶ ዘውዴ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ። ወዲያው ግን ትልቁ ሰው ቆም አሉ።

"ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ የሆነው ለምንድን ነው?"

አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ እንዲያ ሲሰሙኝ የገባቸው መስሎኝ ነበር።

"ወጥ መሆን አለበት" አሉ። "ነጩ ይቅር። ቀዩ ይወገድ።"

"ክቡርነትዎ፣ ቀዩ ከሌለ በሁለት ዓመት ውስጥ..."

አቶ ዘውዴ እግሬን ረገጡኝ። ሰውዬው ወደ ማኪናቸው ሄዱ። አቶ ዘውዴ ወደ ኋላ ቀርተው ቀይ ጎጆዎቹን አዩ። አደይ ለተንስኤን አዩ፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው የቆሙትን አያን አዩ።

"መወገዳቸውን በጽሑፍ አሳውቀኝ" አሉኝ። "እኔ ቆጥሬ የማረጋግጠው በዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከተገኘ ግን ልረዳህ አልችልም፤ ዓሰብ ነው።"

"ቀይ ጎጆ በሙሉ ከቤቱ ተወግዷል" ብዬ ጻፍኩ። አማርኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታረም አለፈ። የሲኞራዋን ቀያዮች በቅርጫት ይዤ፣ አውቶቡስ ፈርቼ፣ በእነዚህ ጉልበቶች በእግሬ እቤት ገባሁ።

አልጋነሽ በር ላይ አገኘችኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ለመዋሸት ግን ጉልበት ይጠይቃል። ትእዛዙን ነገርኳት። በእኛ ቤት ከተገኙ ምን እንደሚመጣብን ነገርኳት። እምቢ ብትል አልፈርድባትም፤ ወስጄ ጉድባ ውስጥ እደፋቸዋለሁ፤ ይህንንም ነገርኳት።

ሽፋኑን ገልጣ አየች።

"የፖሊስ ጣቢያዎቹ ልጆች ናቸው?"

"እወ።"

ከአልጋው ሥር የልብስ ሳጥኗን ጎትታ አወጣች። ቦታውን በመጥረጊያ ጠረገች፣ ጋዜጣ አነጠፈች፣ ቅርጫቱን ከእጄ ተቀብላ ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያነሣች በጣቷ ትዳስሳቸው ጀመር። ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም።

"ሁሉም ወፍራም ነው" አለች። "ዓሰብ የምንላክ ከሆነ ሁለት ስስ ቀሚስ ታሰፋልኛለህ።"

"እሺ" አልኳት።